ምስክር ሳይሰብር ሥራ የማያስረክበው እንድሪስ

ያን ቅዳሜ ጠዋት በሳዑዲ፣ ደርብ በምትባል ከተማ፣ በአቡ ሳሊም ወርሻ የነበርነው እነዚህ ነን። ሙጫ ሠራተኛው ጋሽ እንድሪስ፣ የመናዊው በያጅ ናስር፣ የወርሻው ባለቤትና የእኔም አሠሪ አቡ ሳሊም፣ ያኔ ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ ሀያት፣ እና እኔ። ኋላ ላይ ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ አንዱ ወጣት፣ አንዱ ጢሙ የሸበተ። ባለቤቴ ዩሱፍ አልነበረም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የማንጎ እርሻ ነበር የሚውለው።

ሀያት አሁን እዚህ ኮምቦልቻ አጠገቤ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ናስር ወደ አገሩ ተመልሶ ልጆቹን አግኝቷል። አቡ ሳሊም አርጅቷል፣ ግን ደህና ነው ብለውኛል። ፖሊሶቹን እግዜር ይወቃቸው፣ ፊታቸውን እንኳ በደንብ አላየሁም። ከቀረነው መካከል የት እንዳለ የማላውቀው ጋሽ እንድሪስን ብቻ ነው። ያን ዕለት ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አይቼዋለሁ የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ስለ እሱ ስጽፍ እንዳላጋንን እፈራለሁ። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የምጽፈው ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ። እሱም እንዲያ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ የወረባቦ ሰው ነው። አጭር፣ ደረቅ ያለ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ። በባሕር የመን ገብቶ፣ ከየመን በሀሩብ ተራራ በእግሩ ወደ ሳዑዲ የተሻገረ ነው፤ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም። ከጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ነገር አይጠፋም፣ በሳሙናም በቤንዚንም አይለቅለትም። ጥያቄ ሲጠይቁት መጀመሪያ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጣብቆ ቀስ ብሎ ያላቅቃቸዋል፣ ከዚያ ነው የሚመልሰው። እጁ ንጹሕ በሆነ ቀንም እንዲሁ ያደርጋል። ሀያት ይህን አይታ፣ ምሳ በላሽ ወይ ስላት እንኳ ጣቶቿን አጣብቃ እያላቀቀች "በልቻለሁ" ማለት ጀምራ ነበር።

ወርሻ የሚሉት የጥገና ቤት ነው። የአቡ ሳሊም ወርሻ ከባሕሩ መንገድ ዳር፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ነበር። የተሰነጠቀ የውሃ ታንከር፣ የዓሣ አጥማጆች የፋይበር ጀልባ፣ ወደ ድንበሩ ወደ ጡዋል የሚወርዱ የጭነት መኪኖች መከለያ ይመጣል። ብረቱን ናስር ይበይዳል፤ የማይበየደውን ጋሽ እንድሪስ ያጣብቃል። እኔ በአቡ ሳሊም ቤት ነበር የምሠራው። ቤቱና ወርሻው በአንድ አጥር ስለሆኑ ምሳቸውን የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ሰውዬውን ያወቅኩትም በዚያ ነው።

ሌላው ሠራተኛ አጣብቆ፣ አድርቆ ያስረክባል። ጋሽ እንድሪስ ግን ለአንድ ሥራ ሙጫ በበጠበጠ ቁጥር ከዚያው ሙጫ ትንንሽ ቁራጮችን አብሮ ያጣብቅ ነበር። ሥራው አልሙኒየም ከሆነ አልሙኒየም፣ ፋይበር ከሆነ ፋይበር ይቆርጣል፤ የአንዱን ጫፍ በሌላው ጫፍ ላይ ትንሽ ይደርባል። እነዚህን ቁራጮች "ምስክር" ይላቸዋል። ሙጫው ሲደርቅ ዋናውን ሥራ ሳይነካ ምስክሮቹን ይሰብራል፤ ግማሾቹን ቀስ ብሎ፣ ግማሾቹን ድንገት። "ምስክር ሳይሰበር ሥራ አይወጣም" የሚላት ቃል ነበረችው።

ቀስ ብሎ ለመስበር አንድ ረጅም ብረት እንደ ሚዛን አድርጎ ይሰቅላል። በአጭሩ ክንድ ቁራጩን ያስራል፣ በረጅሙ ክንድ ባዶ የቀለም ባልዲ ያንጠለጥላል። ከዚያ ውሃ በኩባያ ይጨምራል። አንድ ኩባያ ጨምሮ ጆሮውን ወደ ቁራጩ ያስጠጋል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ አንድ ይጨምራል። አንዳንዱ ምስክር ሳይለቅ ከቁርስ እስከ ምሳ የሚቆይበት ቀን ነበር። ድንገት ለመስበር ግን ባልዲውን አንስቶ በቦታው በገመድ የታሰረ ድንጋይ ያደርጋል፤ ድንጋዩን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል። አንድ ጊዜ ጧ ይላል፣ አለቀ። የተሰበረውን ሁሉ አንስቶ ፊቱን በፀሐይ ያየዋል፤ "ቀስ" ወይም "ድንገት" ብሎ ይጽፍበትና በሩዝ ከረጢት ያስቀምጠዋል።

ናስር አይለቀውም ነበር። "እኔ በየድኩ ማለት ኸላስ ነው፣ ባለቤቱ ይዞ ይሄዳል። አንተ እንደ ቃዲ ምስክር ትጠራለህ፣ ደግሞ የጠራኸውን ምስክር ትገድላለህ!"

"የገደልኩት ምስክር ዋሽቶኝ አያውቅም" ይለዋል ጋሽ እንድሪስ።

አቡ ሳሊምም ሻዩን ይዞ ይመጣና፣ "ወላሂ ይህ ሰው ከሚያጣብቀው የሚሰብረው ይበልጣል" ይላል። ግን አይከለክለውም። ከጋሽ እንድሪስ እጅ የወጣ ታንከር ተመልሶ አልመጣማ።

ይህን አሠራር የተማረው ጅዛን ከተማ ነው። ሙጫ በሚመረመርበት አንድ ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ገብቶ ነበር። ዱክቱር የሚሉት ሰው ብዙ ቁራጭ ያስጣብቅና በመጎተቻ ማሽን ያስጎትታል። አንድ ቀን አጣባቂው ቀረ፤ መጥረጊያውን አስቀምጥና እስቲ አንተ አጣብቅ አሉት። የእሱ ቁራጮች ሁሉም ተመሳሳይ ሆነው ወጡ፤ እጁ ስለማይቸኩል ነው። ከዚያ ወዲህ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ያዘው።

"ሁለት መንጋጋ ያለው መኪና ነው" ብሎ አጫውቶኛል። "ቁራጩን በሁለቱ መንጋጋ ያስነክሱታል። አንዳንድ ቀን በጣም ቀስ ብሎ እንዲጎትት ያዙታል፤ ክፍሉን ጠርጌ፣ ወልውዬ፣ ሰግጄ ስመለስ ገና ሳይበጠስ አገኘዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዓይኔን ሳልጨፍን ይበጥሰዋል። ያው ሙጫ ነው፣ ባንድ ዕቃ የተበጠበጠ። ሁለት ጠባይ አለው።"

"እንዴት ሁለት ጠባይ?" አልኩት።

ጣቶቹን አጣበቀ፣ አላቀቀ። "ቀስ ብለሽ ስትጎትቺው ይለጠጣል፣ ይሳባል፣ ሊለቅ ሲል ያስታውቃል። ድንገት ስትመቺው ይደነድናል። እንዲያውም ከወትሮው ይጠነክራል። ግን መለጠጥ አይችልም፤ ከአቅሙ ካለፈ እንደ ብርጭቆ ነው፣ ማስጠንቀቂያ የለውም።"

"ልክ እንደ ሰው በለኛ!" አልኩ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

"ሰውን ተይው፣ እህቴ። እኔ የማወራው ስለ ሙጫ ነው።"

በእጁ ስለነበረው ጥቁር ሙጫም የነገረኝ ያኔ ነው። የምርመራው ሥራ ሲያልቅ ዱክቱሩ የተረፈውን ሰጠው፤ አንድ ጣሳ ኢፖክሲ ከነማድረቂያው፣ እና በትንሽ ብልቃጥ ጥቁር ዱቄት። ኢፖክሲው ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚደርቀው ጠንካራ ሙጫ ነው። የጣሳው ኢፖክሲ ጥቁር የሆነው ዱቄቱ ውስጡ ስላለ ነው። ጥላሸት ይመስላል እንጂ ጥላሸት አይደለም፣ ቱቦ ነው አለኝ። ከፀጉር ዘለላ እጅግ የቀጠነ፣ በዓይን የማይታይ የከሰል ቱቦ። ይህ እንዴት እንደሚሆን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሥራው ግን ገብቶኛል፣ እንዲህ ብሎ ስላስረዳኝ፦

"ጭቃ ቤት ስትመርጊ ጭድ የምትጨምሪው ለምንድን ነው? ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጭዱ ይይዘዋል፣ ስንጥቁ እንዳይሄድ። ይህም ጭድ ነው። በደንብ ከተበተነ ቀስ ብሎ ለመጣውም፣ ድንገት ለመጣውም ይረዳል።"

ጥቁሩን ሙጫ ለማንም አይነካውም ነበር። ለታንከሩም ለጀልባውም ተራውን ነው የሚጠቀመው። ጣሳው በመደርደሪያው ጥግ ይቀመጣል፤ አቡ ሳሊም ለምን ታስቀምጠዋለህ ሲለው፣ "የሚገባው ሥራ ሲመጣ" ይላል።

ሥራው በሀያት እግር መጣ።

ሀያት ስትወለድ ጀምሮ ግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በታች አቅም የለውም። የእግር መደገፊያ ታደርጋለች፤ በሁለት ጎን ስስ የአልሙኒየም ዘንግ፣ ባቷ ላይ የቆዳ ማሰሪያ፣ ከእግሯ ሥር የፋይበር ሳህን። ያን መደገፊያ የአቡ ሳሊም ሚስት ናት በገንዘቧ ያሠራችላት፤ አላህ ይስጣት። ሀያት እዚያው ተወልዳ ወረቀት ስላልወጣላት ሌላ ለማሠራት ሐኪም ቤት መሄድ አልችልም። ስለዚህ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው። አትሩጪ፣ አትዝለዪ፣ ደረጃ በቀስታ እላታለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቀስ በይ ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም ነበር።

አንድ ማክሰኞ አንደኛው ዘንግ ከሳህኑ ተላቀቀ። ሀያት ያለ መደገፊያው አትሄድም፤ ተሸክሜያት ወደ ወርሻው ሮጥኩ።

ናስር አገላብጦ አየው። "ብየዳ ያቀልጠዋል፣ ስስ ነው። ቡሎን ልምታበት ብል ሳህኑ ይሰነጠቃል።" ከዚያ ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞሮ፣ "ያላ ቃዲ፣ ይህ ያንተ ነው" አለው።

በዚያ ሰሞን ፍተሻ በርትቶ ነበር። በደርብ ወረቀት የሌለው አበሻ ሁሉ በየአቅጣጫው ይበተናል። ጋሽ እንድሪስም ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ በአንድ የውሃ ማመላለሻ መኪና ወደ ሰሜን ሊወጣ ከሾፌሩ ጋር ጨርሶ ነበር። ያንን ሁላችንም እናውቃለን። ጣቶቹን አጣብቆ አላቀቀና፣ "ነገ አጣብቄ ሐሙስ ጠዋት ምስክሩን እሰብራለሁ። ከመሄዴ በፊት ይደርሳል፣ አብሽሪ" አለኝ።

አሁን የማፍርበትን ነገር እጽፋለሁ።

ረቡዕ ጥቁሩን ጣሳ አወረደ። ኢፖክሲውን በትንሽ ዕቃ ቀድቶ፣ ለብ ባለ ውሃ ላይ አስቀምጦ፣ ብዙ ሰዓት በእንጨት አማሰለው። ከዚያ አረፋው እንዲወጣ ሸፈነውና ለዙሁር ሶላት ሄደ። እኔ ምሳ ይዤ መጣሁ። ማንም የለም። ብልቃጧ ከአጠገቡ ተቀምጣለች።

ምን እንዳሰብኩ ልናገር። ጥንካሬ የሚሰጠው ዱቄቱ ከሆነ፣ ለልጄ ትንሽ ቢጨመርላት ምን ይጎዳል አልኩ። እሱ ቆጥቦ ይሆናል አልኩ። ብልቃጧን ከፍቼ በሻይ ማንኪያ አንድ ሞላሁና ጨመርኩበት፤ በእንጨቱ አማሰልኩት፣ ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ምንም አያስታውቅም። ክዳኑን መልሼ ሄድኩ። አንድ ነገር ያተረፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝም ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ከሶላት ተመልሶ ማድረቂያውን ሲጨምር፣ "ዛሬ ወፈር ብሏል። ጣሳው እያረጀ ነው መሰለኝ" አለ። የምሳ ዕቃውን ልወስድ ተመልሼ ነበር፤ ዕቃውን እየሰበሰብኩ አየሁት። የዘንጉንና የሳህኑን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ ላቡ እንዳይንጠባጠብበት ግንባሩን በሻሽ አሠረ፣ አጣበቀ። ስድስት ምስክርም አብሮ አጣበቀ።

ሐሙስ ጠዋት መደገፊያው ደርቆ ሲታይ አዲስ ይመስላል። ሀያት አደረገችውና ከወርሻው በር እስከ ናስር ጠረጴዛ ሄደች፤ ተመለሰች። እኔ አለቀ ብዬ ልሸከማት እጄን ዘረጋሁ።

"ቆይ፣ እህቴ። ምስክሮቹ አልተናገሩም" አለኝ።

ቀስ የሚባሉት ሦስቱ ከወትሮው ትንሽ ቀደም ብለው ለቀቁ፣ ግን ለአንዲት ልጅ ክብደት የሚበቃ ውሃ ያዙ። ወደ ድንገቱ ሄደ። ድንጋዩን ከጉልበቱ ከፍታ ለቀቀው፤ ቁራጩ ተበጠሰ። ሌላውን ደገመ፤ ያው ነው። ሦስተኛውን ሲለቅ ዓይኑን እንኳ አላነሳም፣ የሚሆነውን አውቆታል። በጉልበት ከፍታ የተሰበረበት ሙጫ ከዚያ በፊት አላየሁም።

"ለመራመድ ይበቃል፣ ለመሮጥ አይበቃም። አውልቂያት" አለኝ።

"እኔ አላስሮጣትም፣ ጋሼ!"

"አንቺ አታስሮጫትም። እሷ ግን ትሮጣለች።"

የተሰበሩትን ይዞ ወደ ፀሐዩ ወጣ። ዙሪያው ያብለጨልጫል፤ መካከሉ ላይ ግን እንደ ጤፍ ቅንጣት ያለ፣ የማያብለጨልጭ ደረቅ ጓል ነበር። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጣሳውን አነሣ። "ይህ ሙጫ ሞቷል። ዱቄቱ ተጠራቅሟል። ማንንም ሳያታልል ይደፋ" ብሎ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። ክዳኑን ከፍቶ ሲያዘነብለው አየሁ።

"አትድፋው!" አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። "ሙጫው አይደለም። እኔ ነኝ። ከብልቃጧ ጨምሬበት ነው።"

ጣሳውን ቀና አደረገው። ናስር ብየዳውን አቆመ። ይጮህብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"አፍንጫሽን ሸፍነሽ ነበር?" አለኝ።

"ምን?"

"ብልቃጧን ስትከፍቺ። ይህ ዱቄት ሳንባ አይወድም። ሸፍነሽ ነበር ወይ?"

"በሻሼ... አዎ፣ ሸፍኜ ነበር።" ውሸት አልነበረም፤ ከዱቄቱ ሳይሆን ከሰው ዓይን ፊቴን ሸፍኜ ነበር።

"ስንት ማንኪያ?"

"አንድ። የሻይ። ሞልቶ።"

ያን ጊዜ ሳቀ። ጣሳውን መሬት አስቀምጦ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። "አንቺ፣ ጭቃ አቡክተሽ አታውቂም? ጭድ ሲበዛ ግድግዳው ምን ይሆናል?"

"ይፈረፍራል" አልኩ። አውቀዋለሁ እኮ። ከእናቴ ጋር ስንት ግድግዳ መርጌያለሁ። ለልጄ ሲሆን ግን የማውቀው ሁሉ ጠፋኝ።

"አልሃምዱሊላህ፣ ምክንያቱን አወቅነው። ምክንያቱ ከታወቀ ሥራ ነው፣ ሌላ ምን አለው?"

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በሙቅ አየር አለስልሶ ዘንጉን አላቀቀ፣ ፋቀ፣ ፈተገ። ከጣሳው የቀረው ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ነበር። እያማሰለ ሳለ የውሃው መኪና ከበሩ ቆሞ ጥሩንባ ነፋ። ሾፌሩ ከመስኮት ጮኸ፣ "ያላ እንድሪስ! ውጣ!"

"ቅዳሜ ና።"

"ቅዳሜ እዚህ አልመጣም፣ ሰውዬ። ዛሬ ነው!"

ናስር መጥቶ ክንዱን ያዘው። "አጣብቅና ሂድ። ምስክሮችህን እኔ እሰብርልሃለሁ።"

"አንተ ሁሉንም በመዶሻ ነው የምትሰብር።"

"እኔስ ልስበርልህ?" አለ አቡ ሳሊም።

"አንተ ደግሞ ሻይ ስትጠጣ ባልዲውን ትረሳዋለህ።" ከዚያ ቀልዱን ትቶ፣ "የበጠበጠው ነው መስማት ያለበት። ሁለተኛ ማጣበቁ ስለሆነ ደግሞ ሁለት ቀን ይደር፣ በአንድ ቀን አላምነውም" አለ።

መኪናው ሄደ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሂድ ማለት ነበረብኝ። ፍተሻ መኖሩን አውቃለሁ፣ የሚያገኘውን አውቃለሁ፤ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አላልኩትም። መደገፊያውን ሳይጨርስ እንዲሄድ አልፈለግሁም። ይህን ለዩሱፍ እንኳ የነገርኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ወደ ቅዳሜው ተመለስን። ጠዋት ሁላችንም ተሰበሰብን። አቡ ሳሊም ወንበሩን አምጥቶ እንደ ፍርድ ቤት ተቀመጠ። ጋሽ እንድሪስ ውሃ በኩባያ መጨመር ጀመረ። ባልዲው ሞላ፤ ሌላ ባልዲ ታሰረ። "ስሙት፣ እያወራ ነው" ብሎ ጠራን፤ በየተራ ጆሯችንን አስጠጋን። እንደ ደረቅ ቅጠል ቅሽ ቅሽ ይላል፣ ግን አይለቅም። ሲለቅም ቀስ ብሎ ነው የለቀቀው። ድንጋዩን ከጉልበት ለቀቀ፤ ምንም። ከወገብ ለቀቀ፤ ምንም። ከትከሻው ሲለቅ ነው የተሰበረው። ፊቱን በፀሐይ አየው፤ ጓል የለም። ለናስር ሰጠው፣ ናስርም አይቶ፣ "ቃዲው ፈረደ" አለ።

መደገፊያውን ራሱ አሠረላት። "ሀዩ፣ ጎማው ላይ ውጪና ዝለዪ" አላት።

"ቀስ በይ!" አልኩ፣ እንደ ልማዴ።

"አይ፣ እህቴ። ቀስ የሚለውን በውሃ አይተነዋል። ዝለዪ፣ ሀዩ።"

ሀያት እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ዘለለች። ስትወርድ የኔ ልብ ጧ ያለ መሰለኝ፤ ዘንጉ ግን ዝም አለ። ሳቀች፣ ተመልሳ ወጣች፣ ደግማ ዘለለች። ከዚያ ጎማ ደርባ በሁለት ጎማ ላይ ወጣች። አልከለከልኳትም። በሕይወቷ ያለ እጄ ስትዘልል ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ለሌላ ዝላይ እየወጣች ሳለ የፖሊስ መኪና በሩ ላይ ቆመ።

ጩኸት አልነበረም። ወጣቱ ፖሊስ ኢቃማ አሳዩ አለ። ናስር አሳየ፣ እኔም አሳየሁ። ጢሙ የሸበተው የሀያትን እግር አየና ስለ እሷ ሳይጠይቅ ፊቱን አዞረ። ጋሽ እንድሪስ የለኝም አለ። አቡ ሳሊም ተነሥቶ፣ "ይህ ሰው የእኔ ሠራተኛ ነው፣ ወረቀቱን አወጣለታለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብሎ ብዙ ለመነ። አልሆነም።

"እጄን ልታጠብ" ብሎ ጠየቀ ጋሽ እንድሪስ። "ሙጫ አለበት፣ ልብሳችሁን ያበላሻል።" ፈቀዱለት። በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ፣ በሻሹ አደረቀ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ይቅር በለኝ ልለው ነበር፤ እሱ ቀደመኝ።

"በሳምንት አንዴ መጋጠሚያውን በፀሐይ እዪው። ፀጉር የመሰለ መስመር ካየሽ ቶሎ ንገሪኝ።"

"እሺ" አልኩ። የት ብዬ እንደምነግረው አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። መኪናው ውስጥ ሲገባ ሀያት ጎማው ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዝ ነበር።

አቡ ሳሊም በሳምንቱ ጅዛን እስር ቤት ድረስ ሄዶ ጠየቀ፤ እዚያ የሉም፣ ወደ ሌላ ቦታ ተወስደዋል አሉት። ሁለተኛም ሄደ፣ ስሙ አልተገኘም። እኛ አገራችን ከተመለስን በኋላ ደግሞ ከእስር ቤት ወጥተው የመጡ ልጆችን ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንዱ ከሌሎች ጋር በአውሮፕላን ተጭኗል አለኝ። ሌላው ደግሞ ያ የምትዪው ሰው ታሞ እዚያው ቀርቷል አለኝ፤ ሲያስረዳኝ ግን ረጅም ሰው ነው አለ። የኔ አጭር ነው። ሐይቅ ከተማ ድረስ ሄጄ የወረባቦ ሰዎችን ጠይቄያለሁ። እንድሪስ የሚባል ሞልቷል፤ የአባቱን ስም አለማወቄን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ስንት ወር ምሳ ያቀረብኩለትን ሰው የአባቱን ስም አልጠየቅሁም።

መጋጠሚያውን በየሳምንቱ አየሁት። መስመር አልወጣበትም። ሀያት ሮጠችበት፣ ወደቀችበት፣ ከትምህርት ቤት አጥር ዘለለችበት፤ ለሁለት ዓመት ሙጫው አልለቀቀም። የተውነው እግሯ አድጎ ስለጠበባት ነው።

ይህን የምታነቡ በጅዛን፣ በጡዋል ወይም በሌላ እስር ቤት ያለፋችሁ፣ ወይም ከእነሱ ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጣችሁ ካላችሁ፦ አጭር፣ ደረቅ ያለ፣ ጥፍሩ ሥር የጠቆረ፣ ሲጠየቅ ጣቶቹን አጣብቆ የሚያላቅቅ፣ እንድሪስ የሚባል የወረባቦ ሰው አይታችኋል? በሕይወት እንዳለና የት እንዳለ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።